እርጥቡ ሣር የሚችለውና የማይችለው

የ2011 ዓ.ም. መስከረም በተስፋ የገባ ወር ነበር። እስረኞች ተፈትተው፣ በስደት የነበሩ ድርጅቶች ወደ አገር እየገቡ፣ ከኤርትራ ጋር ዕርቅ ወርዶ ብዙ ሰው «መጪው ዘመን የተሻለ ነው» ብሎ ያመነበት ጊዜ ነው። ይህ ስሜት ግን ሳምንት አልዘለቀም። ከመስከረም 4 ጀምሮ በነበሩት ቀናት በአዲስ አበባ ጥግ፣ በቡራዩና በአሸዋ ሜዳ በደረሰው ጥቃት ሰዎች በማንነታቸው እየተለዩ ተገደሉ፣ ተዘረፉ፣ ከቤታቸው ተባረሩ። ሰለባዎቹ ከተለያየ ብሔር የመጡ ቢሆኑም ዋናው ዱላ ያረፈው ከጋሞ ደጋ ወርደው በሽመና ሲተዳደሩ በኖሩ የጋሞና የዶርዜ ቤተሰቦች ላይ ነበር። አምነስቲ ኢንተርናሽናል የሟቾቹን ቁጥር ቢያንስ 58 አድርሶታል፤ ፖሊስ በወቅቱ የተናገረው ቁጥር ከዚህ ያነሰ ነው። ሺዎች ነፍሳቸውን ይዘው ወደ አዲስ አበባ ሸሽተው በትምህርት ቤቶች ተጠለሉ። መስከረም 7 ድርጊቱን ለማውገዝ አዲስ አበባ ላይ በወጣው ሰልፍም ተጨማሪ ሰዎች በጥይት ሕይወታቸው አለፈ። ሐዘኑ አርባ ምንጭ ለመድረስ ጊዜ አልፈጀበትም። ወጣቶች አደባባይ ወጡ፤ ሰልፉ የተገባ ነበር፤ ከቁጣው ግን የተወሰነው በከተማዋ ወደሚኖሩ የኦሮሞ ተወላጆችና ከኦሮሞ ስም ጋር ወደተያያዘ ንብረት መዞር ጀመረ። ከዚህ በኋላ የሆነውን አገር ሁሉ ያውቀዋል። የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው ከወጣቶቹ ፊት በአስፋልቱ ላይ ተንበረከኩ። ወጣቶቹም ተመለሱ። ሊፈጸም የተቃረበው በቀል ሳይፈጸም ቀረ።

ያ ትዕይንት ከዚያ ወዲህ የአገር ጌጥ ሆኗል። በየስብሰባው ይጠቀሳል፤ ስለ ሰላም የሚናገር ባለሥልጣን ሁሉ ያነሣዋል፤ ፎቶግራፉም ግጭት በተነሣ ቁጥር በማኅበራዊ ሚዲያ ይዞራል። ምስጋናው የሚገባ ነው። ችግሩ አመሰጋገናችን ላይ ነው። ድርጊቱን እንደ ተአምር ወይም እንደ አንድ ሕዝብ ልዩ የዋህነት ስናወራው ልንማርበት የሚገባው ነገር ከእጃችን ይወጣል፤ ተአምር አይደገምምና። የአርባ ምንጩ ድርጊት ግን የሚደገም ነው፤ ምክንያቱም የሠራው በሚታወቅ አሠራር ነው። ይህ ጽሑፍ የሚለው አንድ ነገር ነው፦ አንድ ማኅበረሰብ ጥላቻንና ጽንፈኝነትን ለመከላከል በእጁ ያለው ትልቁ ኃይል ሌላውን ወገን ማውገዝ ሳይሆን የራሱን ወገን መግታት ነው። ይህን ኃይል ግን በግጭት ቀን ከየትም ሊያመጣው አይችልም፤ በአዘቦት ቀን ያልሠራ ሽማግሌ በክፉ ቀን አይሰማም። ከዚህም ጋር ሽማግሌው የማይተካው ነገር አለ፤ እሱም ፍትሕ ነው።

ከአቅጣጫው እንጀምር። ስለ ሰላም ስንነጋገር ብዙውን ጊዜ የሚታየን ሁለት ወገኖች ፊት ለፊት ተቀምጠው ሲታረቁ ነው። በአርባ ምንጭ ግን ማንም ከማንም ጋር አልታረቀም። የጋሞ አባቶች ከኦሮሞ አባቶች ጋር ተደራድረው አልነበረም የወጡት፤ የቡራዩን ጥቃት ይቅር ብለውም አልነበረም። ያደረጉት የራሳቸውን ልጆች ማስቆም ብቻ ነው። ይህ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ስለ ብሔር ግጭት ከተጻፉት ጥናቶች ውስጥ በጣም ከሚጠቀሱት አንዱ የሚያተኩረው እዚሁ ላይ ነው። አሜሪካውያኑ የፖለቲካ ሳይንስ ምሁራን ጄምስ ፊረንና ዴቪድ ላይቲን እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተሙት ጥናት የጠየቁት «ብሔሮች ለምን ይጋጫሉ?» ብለው ሳይሆን «በዚህ ሁሉ ልዩነት መካከል አብዛኞቹ ጎረቤቶች ለምን ሳይጋጩ ይኖራሉ?» ብለው ነው። ከሰጧቸው መልሶች አንዱ፣ እያንዳንዱ ወገን አጥፊውን ራሱ ስለሚቀጣና ስለሚገታ ነው የሚል ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ አንድ ማኅበረሰብ የሌላውን ሰዎች ለይቶ አያውቃቸውም፤ የራሱን ግን ማን የማን ልጅ እንደሆነ፣ ማን ድንጋይ እንዳነሣ፣ ማን ገፋፊ እንደሆነ ያውቃል። ሌላውን ለመቅጣት ሲነሣ በጅምላ ይመታል፤ የራሱን ሲገታ ግን ሰውየውን በስሙ ይጠራዋል። የበቀል ሰንሰለት የሚቆረጠውም በዚህ ነው።

የጋሞን ሕዝብ አኗኗር ላጤነ ደግሞ ይህ ምርጫ የደግነት ብቻ ሳይሆን የማስተዋልም ነበር። የጋሞ ሸማኔ ከጨንቻ፣ ከዶርዜና ከዶኮ ወጥቶ በአዲስ አበባው ሽሮ ሜዳ ብቻ አልተቀመጠም፤ በኦሮሚያ ከተሞችም ሆነ በሌሎች የአገሪቱ ክፍሎች የጥበብ መሸመኛውን ተክሎ የሚኖር ብዙ ነው። አርባ ምንጭ ላይ በአንድ የኦሮሞ ነጋዴ ሱቅ ላይ የሚነሣ እሳት በማግስቱ በሌላ ከተማ በአንድ የዶርዜ ሸማኔ ቤት ላይ መልስ ሊያገኝ ይችል ነበር። ከአባያ ሐይቅ ማዶ ደግሞ ጉጂ ኦሮሞ አለ፤ የሁለቱ ሕዝቦች ገበያና ግጦሽ ለዘመናት ሲነካካ የኖረ ነው። ልጆቹ በየአገሩ የተበተኑ ሕዝብ በቤቱ የሚፈጽመው በቀል በሩቅ ያሉትን ልጆቹን ዋስትና ያሳጣል። ዛሬ ኢትዮጵያ ውስጥ ልጆቹ ያልተበተኑ ሕዝብ የለምና ይህ ስሌት የጋሞ ብቻ አይደለም፤ የእያንዳንዱ ብሔር ስሌት ሊሆን ይገባዋል።

ታዲያ ወጣቶቹ ለምን ሰሙ? ብዙ ከተሞች ውስጥ ሽማግሌ ወጥቶ ለምኖ ተገፍቶ ተመልሷል። መልሱ ያለው ከዚያ ቀን በፊት በነበረው ነገር ውስጥ ነው። በጋሞ ደጋ የአገር ጉዳይ የሚመከረው ዱቡሻ በሚባል የአደባባይ ሸንጎ ነው። ቦታው የታወቀ ነው፤ ሰዉ በየደረጃው ይቀመጣል፤ ሸንጎው በምርቃት ይከፈታል፤ ተናጋሪው ተራውን ጠብቆ ይነሣል፤ ክርክሩ በድምፅ ብልጫ ሳይሆን ስምምነት እስኪገኝ ድረስ ይቀጥላል፤ ሲያልቅም በምርቃት ይዘጋል። ከአርባ ምንጭ ሩቅ ባልሆነችው በኦቾሎ ይህን ሸንጎ ያጠናው ፈረንሳዊው የአንትሮፖሎጂ ምሁር ማርክ አቤለስ ፖለቲካ ማለት ምን እንደሆነ የጠየቀበትን መጽሐፍ የጻፈው በዚያ ያየውን ይዞ ነው። በየደሬው፣ ማለትም በየአገሩ፣ ሥርዓቱን የሚጠብቀው ካዎ አለ፤ ከሕዝቡ መካከል እየተመረጠ የሚሾም፣ ለሹመቱም ብዙ ድግስና ሥርዓት የሚያልፍ ሀላቃ አለ። የድንበር ክርክር፣ የትዳር ጠብ፣ የብድር ክህደት፣ የስርቆት ነገር ሁሉ እዚህ ይታያል። ፍርዱን እምቢ ያለ ሰው ከማኅበራዊ ኑሮ ይገለላል። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ጎሜ አለ፤ የተከለከለውን የጣሰ ሰው በራሱ፣ በልጆቹ፣ በከብቱና በእርሻው ላይ መከራ ያመጣል የሚል፣ ጥፋትን በአደባባይ እስከመናዘዝ የሚያደርስ እምነት ነው። ሣር ይዞ የተንበረከከን ሽማግሌ ረግጦ ማለፍ በዚህ ዓይን ሲታይ ተራ ድፍረት አይደለም።

ስለዚህ ያን ዕለት አስፋልቱ ላይ የተንበረከኩት ሰዎች ለወጣቶቹ እንግዳ አልነበሩም። የአባቶቻቸውን መሬት የለዩ፣ የእናቶቻቸውን ትዳር ያስታረቁ፣ በየዓመቱ በመስቀል ማለትም በዮ ማስቃላ ዋዜማ «ቂም ይዞ ዘመን መሻገር አይገባም» ብለው የተጣሉትን ያገናኙ ሰዎች ናቸው። ክስተቱ የመስቀል በዓል በተቃረበበት ወቅት መሆኑም የራሱ ክብደት አለው። ሽማግሌዎቹ በዚያ ቀን ያወጡት ለብዙ ዓመታት በትንንሽ ጉዳዮች ያጠራቀሙትን አመኔታ ነው። ከዚያ ውጭ ሦስት ነገሮች ተገጣጠሙ። አንደኛ ፈጥነው ደረሱ፤ የመጀመሪያው ድንጋይ ከተወረወረ፣ የመጀመሪያው ቤት ከተቃጠለ በኋላ ነገሩ የተለየ ይሆን ነበር፤ ሰው እጁ ከገባበት ወዲያ ወደኋላ መመለስ ይከብደዋልና። ሁለተኛ በአካል መጡ፤ በመግለጫ ወይም በድምፅ ማጉያ ሳይሆን ከወጣቱ ፊት፣ እጅ በሚደርስበት ርቀት ቆሙ። ሦስተኛ ዋጋ ከፈሉ። በአገራችን ልማድ ጉልበት የሚስመው ታናሽ ነው። ታላቅ ለታናሽ ሲንበረከክ ሥርዓቱ ተገልብጧል፤ ወጣቱም ያንን ተገልብጦ ማየት አልቻለም። «አቁሙ» ብሎ ያዘዘ ሰው እምቢ ሊባል ይችላል፤ ክብሩን መሬት ላይ ያስቀመጠን ሰው እምቢ ለማለት ግን ክብሩን መርገጥ ያስፈልጋል።

ይህ በሌላ ቦታ ያልሠራውን ለመረዳትም ይጠቅማል። ከዚያ ቀደም ብሎ በ2010 ከጋሞ ብዙም በማይርቀው በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ ድንበር ግጭት ተቀስቅሶ ነበር። ሁለቱ ሕዝቦች ጥንታዊ የዕርቅ ሥርዓት አላቸው፤ ሽማግሌዎቻቸውም ተቀምጠው ሰላም አውርደው ነበር። ሆኖም በዚያው ዓመት ሰኔ ግጭቱ እንደገና ፈነዳና የተፈናቃዩ ቁጥር ከ800 ሺህ በላይ ደረሰ። እ.ኤ.አ. 2018 ሲዘጋ ኢትዮጵያ በግጭት ምክንያት በአንድ ዓመት አዲስ በተፈናቀለ ሕዝብ ብዛት ከዓለም አንደኛ ነበረች፤ ቁጥሩ ወደ 3 ሚሊዮን ይጠጋል። የጌዴኦና የጉጂ ሽማግሌ ከጋሞ ሽማግሌ ያነሰ ጥበብ ስላለው አይደለም። እዚያ ዕርቁ የተጠራው ደም ከፈሰሰና መሬት ከተያዘ በኋላ ነው፤ ከግጭቱ ጀርባም የወሰን ጥያቄና የታጠቁ እጆች ነበሩ። ሽማግሌ የጎረምሳን ንዴት ያበርዳል እንጂ የተደራጀን ጥቅም አያበርድም። በሰኔ 2012 መጨረሻ ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ በኋላ በሻሸመኔና በሌሎች የኦሮሚያ ከተሞች የደረሰውም ሌላ ትምህርት ነው። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ባወጣው ዘገባ 123 ሰዎች መሞታቸውን መዝግቧል። ጎረቤቶቻቸውን የደበቁ፣ ከአጥቂ ፊት የቆሙ ነዋሪዎች ነበሩ። ነገር ግን እርዳታ የጠየቁ ሰዎች በብዙ ቦታ ከጸጥታ ኃይል ያገኙት መልስ «ከበላይ ትእዛዝ አልመጣልንም» የሚል ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው። ነዋሪው ለጥቂት ሰዓት ሊከላከል ይችላል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣ መንግሥት ከሌለ ግን ለብቻው አይዘልቅም።

እዚህ ላይ ከባዱ ተቃውሞ ይነሣል። የተገደለው ጋሞ፣ የተፈናቀለው ጋሞ ሆኖ ሳለ ለምን ጋሞ ይለመናል? ተበዳይን «ታገሥ» ማለት በዳይን ማበርታት አይደለም ወይ? ጥያቄው ቀላል አይደለም፤ በሽምግልና ስም የተቀበረ በደል በአገራችን ብዙ ነው። ነገር ግን ሁለት ነገሮችን መለየት ይገባል። ሽማግሌዎቹ የከለከሉት ሐዘኑን ወይም ሰልፉን አልነበረም፤ የከለከሉት በቡራዩ ወንጀል አርባ ምንጭ ያለ ሰው እንዳይቀጣ ነው። የአርባ ምንጩ ኦሮሞ የቡራዩን ገዳይ አያውቀውም፤ ምናልባትም ድርጊቱን ከጋሞው እኩል ይጸየፈዋል። ቡራዩ ላይ የተፈጸመው ወንጀል ዋና ይዘቱ ሰውን ባልሠራው ሥራ፣ በብሔሩ ብቻ መቅጣት ነው። አርባ ምንጭ ላይ ያንኑ መድገም የቡራዩን አጥቂዎች አስተሳሰብ ትክክል ነው ብሎ መፈረም ይሆን ነበር። ጽንፈኛው የሚፈልገውም ይህንኑ ነው፤ ጥቃቱ መልስ ሲያገኝ «አያችሁ፣ አብረን መኖር አንችልም» ለማለት ማስረጃ ያገኛል። አርባ ምንጭ ያንን ማስረጃ ነፈገችው።

ይህ መልስ ግን የተሟላ የሚሆነው ሌላኛው ግማሽ ሲጨመርበት ነው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ሽማግሌ በቀልን ሲያስቆም ለተበዳዩ በዝምታ የሚገባለት ቃል አለ፤ «አንተ እጅህን ሰብስብ፤ ፍርዱን ሕግ ይሰጥሃል» የሚል ነው። ያንን ቃል የመፈጸም ኃላፊነት ግን የሽማግሌው አይደለም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 ንዑስ አንቀጽ 5 መሠረት ባህላዊ ዳኝነት ሊታይበት የሚፈቀደው በግልና በቤተሰብ ጉዳይ፣ ያውም ተከራካሪዎቹ ሲስማሙ ነው፤ የጅምላ ግድያ የመንግሥት ፍርድ ቤት ጉዳይ ነው። አጥፊው በግልጽ ችሎት ካልተጠየቀ፣ የተፈናቀለው ቤቱንና መሸመኛውን ካላገኘ፣ የሟች ቤተሰብ ገዳዩ ማን እንደሆነ ካልተነገረው፣ የሽማግሌው ቃል ሐሰት ይሆናል። በሚቀጥለው ጊዜ ሣር ይዞ ቢወጣ ወጣቱ «ባለፈው የሰማናችሁ ምን አገኘን?» ይላል፤ መልስ አይኖረውም። ስለዚህ ሽምግልናና ፍትሕ አንዱ ሌላውን የሚተካ ተደርጎ መታየቱ ስሕተት ነው። ፍትሕ በዘገየ ቁጥር የሚያልቀው የሽማግሌው አመኔታ ነው።

መንግሥት ከዚያ ወዲህ ያደረገውን ስናይ ሕግና ኮሚሽን አልጠፋም። የዕርቀ ሰላም ኮሚሽን በአዋጅ ቁጥር 1102/2011 ተቋቁሞ ለሕዝብ የሚታይ ብዙ ሥራ ሳይታይ ጊዜው አልቋል፤ በአዋጅ 1265/2014 ደግሞ የአገራዊ ምክክር ኮሚሽን ተተክቷል። በ2012 የወጣው የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ ሥርጭትን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185 ጥላቻ የሚያሰራጭን ሰው እስከ 2 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100 ሺህ ብር መቀጮ፣ በንግግሩ ምክንያት ጥቃት ከደረሰ ደግሞ ከ1 እስከ 5 ዓመት እስራት ይቀጣል። ሕጉ መኖሩ መልካም ነው። ይሁን እንጂ ሕግ የሚደርሰው ቃሉ ከተነገረ፣ ብዙ ጊዜም ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ ነው። ሥልጣን ላይ ያለ ሰው ጥላቻ ሲናገር ዝም ተብሎ ተቺ ጋዜጠኛ ሲከሰስበት ደግሞ ሕጉ ራሱ ክብሩን ያጣል። የማኅበረሰቡ ሥራ የሚገኘው ከቃሉ እስከ ድርጊቱ ባለው አጭር ጊዜ ውስጥ ነው፤ እዚያ ቦታ ላይ ፖሊስም ዐቃቤ ሕግም እምብዛም አይገኙም።

«የዛሬ ጥላቻ በፌስቡክና በዩቲዩብ ነው የሚመጣው፤ ጎሜና ዱቡሻ ምን ያደርጉለታል?» የሚል ተቃውሞም አለ። ባሕር ማዶ የተቀመጠ ሰው በአንድ ቪዲዮ ከተማ ሲያነድ ሽማግሌ በማን ፊት ይንበረከክ? ነጥቡ እውነትነት አለው። በጥቅምት 2014 ባሕር ዳር ላይ ስለተገደሉት የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ ልጃቸው በፌስቡክ ባለቤት በሜታ ላይ ኬንያ ፍርድ ቤት ያቀረበው ክስ የሚለው ይህንኑ ነው፤ ፎቷቸውና የመኖሪያ አካባቢያቸው ከጥላቻ ጽሑፍ ጋር በፌስቡክ ተሰራጭቶ ከቆየ በኋላ ተገደሉ። ኩባንያዎቹን መጠየቅ የመንግሥታትና የፍርድ ቤቶች ሥራ ነው፤ አማርኛን፣ ኦሮምኛን፣ ጋሞኛን የሚያነብ ተቆጣጣሪ እንዲቀጥሩ ማስገደድ በሽማግሌ አይሆንም። ነገር ግን ከሩቅ የተለቀቀ ቃል ቤት አያቃጥልም፤ የሚያቃጥለው በዚያው ሰፈር የሚኖር ሰው ነው። ክብሪቱን የሚጭረው ልጅ እናት አለው፣ እድር አለው፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ አለው፣ የኳስ ቡድን አለው። የጥላቻ ነጋዴው ከሩቅ የማይደርስበት፣ ጎረቤት ግን የሚደርስበት ቦታ ያ ነው። ስለዚህ ጥላቻው ዘመናዊ መሆኑ የአካባቢን ሰው አስፈላጊነት አልቀነሰውም፤ የሚጠይቀው ፍጥነት ግን ጨምሯል። አሉባልታ በደቂቃ ሲደርስ ሽማግሌ በማግስቱ ቢደርስ አይጠቅምም።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከውስጥ የሚነሣ ነው፤ ስለሆነም ከሁሉም በላይ ሊደመጥ ይገባል። የጋሞ ባህላዊ ሥርዓት ሁሉንም እኩል አያይም። ሸክላ ሠሪው ማና፣ ቆዳ ፋቂው ደጋላ ከማላው፣ ማለትም ከሙሉ ባለመብቱ ጋር እኩል በዱቡሻ ተቀምጦ ሲመክር አልኖረም፤ በጋብቻም በመቃብርም ሲገለል ኖሯል። ሴቶችም በሸንጎው ውስጥ ያላቸው ቦታ ጠባብ ነው። በሌላ በኩል በጋሞ ደጋ በስፋት የተስፋፋው የፕሮቴስታንት እምነት ብዙ ተከታዮቹን ከሀላቃ ሹመትና ከጎሜ ሥርዓት አርቋል፤ ከዚያ በፊትም በደርግ ዘመን ሥርዓቱ «ኋላ ቀር» ተብሎ ተገፍቷል። ታዲያ በዘር የሚለይን ጥላቻ በሙያ ዘር የሚለይ ሥርዓት እንዴት ያክመዋል? መልሱ ሥርዓቱን እንዳለ ማሞገስ አይደለም፤ ማፍረስም አይደለም። የዱቡሻ ጥንካሬ ሰው ሁሉ በአደባባይ የሚሰማው፣ የሚከራከርበት፣ በመጨረሻም የሚገዛበት ስምምነት ማምጣቱ ነው። ይህ ጥንካሬ የሚያድገው የሚቀመጡበት ሰዎች ሲሰፉ ነው። የሸክላ ሠሪው ልጅ የማይቀመጥበት ሸንጎ የሸክላ ሠሪውን ልጅ ሊገታ አይችልም፤ ከጎሜ የወጣው ወጣት በጎሜ አይመለስም፤ በቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ግን ሊመለስ ይችላል። ሰው የሚሰማው የሚወክለውን ነው።

ከተማ ውስጥ ነገሩ ይበልጥ ይጠጥራል። የፖለቲካ ሳይንስ ምሁሩ አሹቶሽ ቫርሽኒ እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተመው መጽሐፍ ሂንዱና ሙስሊም አብረው የሚኖሩባቸውን የህንድ ከተሞች ጥንድ ጥንድ እያደረገ አነጻጽሯል፤ አንዱ ሲደማ ሌላው ለምን ሰላም እንደሆነ ለማወቅ። ያገኘው መልስ ለአርባ ምንጭም ለቡራዩም ይጠቅማል። በገጠር መንደር ጎረቤት ለጎረቤት መተዋወቁ በቂ ሊሆን ይችላል፤ በከተማ ግን ሰላም የሚጠበቀው የሁለቱም ወገን ሰዎች አብረው አባል በሆኑባቸው ማኅበራት፣ በነጋዴዎች፣ በሠራተኞች፣ በሙያተኞች ድርጅት ነው። ቡና አብሮ መጠጣት መልካም ነው፤ ወሬ ሲናፈስ ስልክ የሚያነሣ፣ ኮሚቴ የሚጠራ፣ ኪሳራው በቀጥታ የሚነካው ድርጅት ግን ይበልጣል። እኛ ለዚህ ከውጭ የምንቀዳው ብዙ የለንም፤ እድር አለን። ችግሩ በብዙ ከተማ እድሩም ማኅበሩም እቁቡም ቀስ በቀስ በብሔር መስመር እየተለየ መሄዱ ነው። አርባ ምንጭ በሲቀላና በሴቻ ሰፈሮቿ ጋሞን፣ ወላይታን፣ ኮንሶን፣ አማራን፣ ጉራጌን፣ ኦሮሞን አቅፋ የምትኖር፣ ከአገሪቱ አራቱም ማዕዘን ተማሪ የሚመጣበት ዩኒቨርሲቲ ያላት፣ ከ2015 ወዲህም ከደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ማዕከላት አንዷ የሆነች ከተማ ናት። የጋሞ ሽማግሌ የጋሞን ወጣት ሊገታ ይችላል፤ ነገ ነገሩ የሚነሣው ከሌላው ወገን ከሆነ ግን የዚያን ወገን ወጣት ማን ይገታል?

ከዚህ የሚወጣው ተግባራዊ ሥራ ብዙ ገንዘብ አይፈልግም። እያንዳንዱ ከተማ በሰላም ቀን ከየብሔሩ፣ ከየእምነቱ፣ ከሴቶችና ከወጣቶች በየራሳቸው ወገን የሚደመጡ ሰዎችን ለይቶ ማወቅ አለበት፤ ሰዎቹም ክፉ ወሬ ሲሰማ ማን ለማን እንደሚደውል አስቀድመው ይስማሙ። ስምምነቱ ውስጥ ዋናው አንቀጽ አንድ ነው፤ እያንዳንዱ የራሱን ወገን ይገታል፣ የሌላውን ጥፋት ለመዘርዘር አይሽቀዳደምም። እድሮች ስማቸውን ሳይለውጡ በራቸውን ለሌላ ብሔር ጎረቤት ይክፈቱ። ዩኒቨርሲቲዎች የተማሪ ግጭት ሲነሣ ፖሊስ ከመጥራታቸው በፊት የአካባቢውን ሽማግሌዎች ግቢው ያውቃቸው እንደሆነ ይጠይቁ፤ ካላወቃቸው በዚያ ቀን መጥራት ዋጋ የለውም። ኬንያ ውስጥ በዋጂር እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ የጎሳ ግጭትን ማብረድ የጀመሩት ገበያ ላይ የሚውሉ ሴቶች ነበሩ፤ ከየትኛውም ጎሳ የመጣች ሴት ያለ ፍርሃት እንድትገበያይ ተስማምተው ነው የተነሡት። ከዚያ ወጣቱን፣ ሽማግሌውን፣ ባለሥልጣኑን ጨምረው የሰላም ኮሚቴ አቆሙ። ገበያ ያላት ከተማ ሁሉ ይህን ማድረግ ትችላለች።

አንድ አደጋ ግን መጠቆም ግድ ነው። ሽማግሌን ከሚገድሉት ነገሮች ዋነኛው የመንግሥት ፍቅር ነው። የአርባ ምንጩ ድርጊት ከታየ በኋላ ባለሥልጣናት ሽማግሌ መፈለግ አብዝተዋል፤ ነጭ ለብሶ አዳራሽ ውስጥ የሚደረደር፣ ንግግር ሲያልቅ የሚመርቅ፣ አበል ፈርሞ የሚሄድ ሽማግሌ በየቦታው ተበራክቷል። ወጣቱ ይህን ያያል። ትናንት የካድሬ መድረክ አድማቂ የነበረ ሰው ነገ በቁጣው ፊት ቢንበረከክ የሚታየው የአባትነት ጉልበት ሳይሆን የባለሥልጣን መልእክት ነው። የጋሞ አባቶች የተደመጡት ማንም ስላልላካቸው ነው። መንግሥት ሊያደርግላቸው የሚችለው ትልቁ ውለታ ደግሞ ለፕሮግራም ማድመቂያ አለመጠቀምና እነሱ በገቡት ቃል መሠረት ፍርድ መስጠት ነው።

እንግዲህ ነገሩ ሲጠቃለል ከእያንዳንዳችን የሚጠበቀው ግልጽ ነው። ወገኔ በሚቀጥለው ጊዜ ሲበደል ቁጣዬ ትክክል ይሆናል፤ ሰልፌም ትክክል ይሆናል፤ በበደሉ ውስጥ እጁ በሌለበት ጎረቤቴ ላይ የሚነሣ የወገኔ እጅ ግን በማንም መስፈርት ትክክል አይሆንም፤ ያን እጅ መያዝም የሌላ ወገን ሽማግሌ ወይም የፖሊስ ሥራ ሳይሆን የእኔ ሥራ ነው። የጋሞ አባቶች ይህን በአንድ ቀን አድርገውታል። የቀረው ነገር ለሁለት የተከፈለ ነው፤ ማኅበረሰቡ ያን ችሎታ በአዘቦት ቀን እያሰፋ ይጠብቀው፤ መንግሥትም አጥፊን በሕግ ፊት እያቀረበ ሽማግሌውን ውሸታም አያድርገው። ሁለቱ ካልተሟሉ ሽማግሌ ደጋግሞ ሊንበረከክ አይችልም።